አንድ ሸራ ላይ የፈሰሰ ቡና

ኦቦ ዐብዲሻኩርና ኦቦ ገዲ ሰላም ሲባባሉ ቁጭ ብሎ ያልሰማ ሰው፣ ሰላምታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጤናው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤት የጉልበት ሕመም ሳይቀር ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ኑርሀንስ?" ይባባላሉ። ኑርሀን የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ የዐብዲሻኩር ልጅ ለገዲ ልጅ ተድራ የወለደቻት፣ የሁለቱም የልጅ ልጅ። ሁለቱም በየቀኑ ያዩዋታል። ቢሆንም ይጠያየቃሉ፤ ሶፊም በሳቅ ትሞታለች።

ሶፊ ከዚራ በሚባለው የከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ በረንዳ ላይ ቡና እየቆላች የምትሸጥ ልጅ ናት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ከዋሂል በላይ ካለው ተራራ የገበሬ ማኅበራቸውን ቡና ያመጡላታል። ዐብዲሻኩር የላይኛው መንደር ሰው ናቸው፣ ገዲ የታችኛው። ሁልጊዜ በአንድ ባጃጅ፣ የናሙና ኬሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነበር የሚመጡት።

ይህ መቅረቱ እንግዲህ የሶፊ ጥፋት ነው፤ የምወዳት ልጅ ብትሆንም አልሸፍንላትም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ካፌ የአምናውን ቡና ቀምሶ ወደደው። "ዓመቱን ሙሉ እንወስዳለን፤ ግን ከአንድ መንደር ብቻ የተለቀመ ይሁን፣ ስሙም ከረጢቱ ላይ ይጻፍ" አላት። ሱቋ ሊዘጋ ጫፍ ላይ ነበርና ውሉ ለእሷ ነፍስ ነው። ማኅበሩ ግን የሁለቱን መንደር ቡና ከጥንት ጀምሮ አንድ ማድረቂያ ላይ ነው የሚያሰጣው። እሷ ምን ቸገራት! ከፍታው ይበልጣል ብላ "የላይኛው መንደር ቡና" የሚል ሦስት መቶ ከረጢት አሳተመችና ስልክ ደውላ "ለዩልኝ" አለቻቸው። ቡና የምትለቅምላት አክስቷ ተሻለች "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብላት ነበር። ማን ሰምቷት!

ለዩላት። ለእሷ ሲሉ ለዩላት።

ማክሰኞ ዐብዲሻኩር ብቻቸውን መጡ። ኬሻውን አስቀምጠው "እንዳልሽው ነው፤ ከእኛ ብቻ" አሏት።

"ኦቦ ገዲስ?"

"ደህና ሳይሆን አይቀርም።"

ሳይሆን አይቀርም! በየቀኑ የሚገናኝ ሰው!

ሐሙስ ገዲ ለብቻቸው መጡ፣ የራሳቸውን ኬሻ ተሸክመው። "ኢንተሎ፣ ልጄ፣ የእኛንም ቅመሺው፤ መጣል ካለብሽ ቀምሰሽ ጣዪው።" ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አልተቆጡም። "አምና የወደድሽው የማንኛችን ነበር?" ብለው ብቻ ጠየቋት። የባጃጁ ሾፌር ዐብዲፈታሕ እንኳ "አቦ፣ ሽማግሌዎቹን ምን አደረግሻቸው? አንደኛውን መንገድ ላይ የጣልኩት እየመሰለኝ ዞሬ አያለሁ" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ ሁለቱንም ለአራት ሰዓት ጠራቻቸው። ዐብዲሻኩር ቀድመው ደረሱ። ገዲ ሲገቡ ሁለቱም ደንገጥ አሉ።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም።"

በቃ፣ ይኸው ነው። አንዱ በዚህ ጥግ፣ ሌላው በዚያ ጥግ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰላምታ እዚህ ደረሰ። ሶፊ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው።

በረንዳው ላይ ሸራ ዘረጋች። የዐብዲሻኩርን ኬሻ ጎትታ ዘረገፈችው። "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" ብለው ሳይጨርሱ የገዲንም ከላዩ ላይ ደፋችው። ከዚያ በሁለት እጇ ደባለቀችው።

"አበድሽ!" ብላ ጮኸች ተሻለች። "ከረጢቱስ? ካፌውስ?"

"ትናንት ደውዬላቸዋለሁ። ካልተለየ አንወስድም አሉ። ይቅር።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "ኦቦ ዐብዲሻኩር፣ ኦቦ ገዲ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። ተራራው ላይ የቀረውንም ቀላቅሉት። ይሄንን ደግሞ የቻለ ሰው የራሱን ለቅሞ ይውሰድ።"

ገዲ መነጽራቸውን አድርገው ሸራው ዳር በርከክ አሉና አንዲት ፍሬ አነሱ። "ይቺ የእኛ ናት፤ ቅርጿን እዩት።"

ዐብዲሻኩር ከተቀመጡበት ብድግ ብለው መጥተው ቀሟቸው። "ወላሂ የእኛ ናት! ዓይንህ ደክሟል እንዴ?"

"እሺ፣ ይቺስ?"

ዐብዲሻኩር አገላበጧት፣ አሸተቷት፣ ነከሷት።

"አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "አማቼ፣ ወላሂ አላውቅም። ለዩ ስንባል እሺ ማለት አልነበረብኝም።"

ገዲ ጉልበታቸውን ይዘው እዚያው ቡናው አጠገብ ተቀመጡና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

"ጤናህ እንዴት ነው?" አሉ ገዲ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ከብቶቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ዝናቡስ?"

"እናንተ ጋ የዘነበው ነው የዘነበው።"

ተሻለች ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ውጭ ዐብዲፈታሕ ክላክስ ሲያደርግ ሶፊ በእጇ "ቆይ" አለችው።

"ኑርሀንስ?" አሉ ገዲ።

"ኑርሀንማ" አሉ ዐብዲሻኩር፣ "አባባ ገዲ እኛ ቤት መምጣት ለምን ተወ እያለች ታስቸግረኛለች።"