ኦብሴ ካለች

የስፌት ማሽኖቹ ከነጠረጴዛቸው ሲጫኑ ኦብሴ በቢሮው መስኮት አየች። ያ የእሷ አሮጌ ማሽን፣ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ቀይ ብጣሽ ጨርቅ እንኳ ሳይፈታ፣ ሰዎች ተሸክመውት የጭነት መኪናው ውስጥ ገባ።

«ለጥገና ነው?» አለች።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አብዱልሃኪም ከስልኩ ቀና አላለም። «ተሸጧል። አንቺ ምን አስጨነቀሽ? አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ትዛወሪያለሽ።»

«ትናንት ግን ፋብሪካው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚዘጋው ብላችሁኝ ነው ቪዲዮውን የተቀረጽኩት።»

«ሠራተኞቹ እንዳይረበሹ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንቺን ይወዱሻል።»

እውነቱን ነበር። መጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ ነበር፤ በምሳ ሰዓት፣ ኮሌታ ገልብጣ የሰፋች ጓደኛዋ ላይ ስትስቅ ራሷን ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ብዙ ሰው አየው። ፋብሪካው አዲስ ስልክ ገዛላት፤ ከማሽኑ አስነስቶ ቢሮ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲህ በአማርኛም በኦሮምኛም የፋብሪካው አፍ እሷ ሆነች። ወንጂ ገበያ ላይ እናቷን እያስቆሙ «ልጅሽን አየናት!» የሚሉ በዙ፤ እናቷም ነጠላዋን እያስተካከለች ቀስ ብላ መራመድ ለመደች። የሸንኮራ ቆራጮች ሴት ልጆች እሷን እያዩ ለስፌት ሥራ ተመዘገቡ። አንድ ግቢ አብራት ያደገችው ኤቢሴ ከሁሉም ቀድማ መጣች። አዲስ የገባች ልጅ ስለ ፋብሪካው ስትጠራጠር ኤቢሴ «ኦብሴ ካለች አለቀ» ትላት ነበር።

ኦብሴ ደረጃውን ወረደች። የመኪናው ወሬ ደርሷቸው ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«አርቲስቷ መጣች!» አለች ከሰፊዎቹ አንዷ፣ ሳፊያ። «ቆሻሻ እንዳይነካሽ እንራቅልሽ?»

«ተያት አንቺ!» ኤቢሴ እየሳቀች በመሀላቸው ገባች። የኦብሴን እጅ ያዘች። «ማሽኑ ወጣ፣ አበቃልን እያሉ ያሸብሩኛል። እኔ እንኳን ዛሬ ጠዋት ሞጆ ደውዬ ያንን የምግብ ቤት ሥራ ተውኩት። በቶሎ ግቢ፣ ካልሆነ ለሌላ እንሰጠዋለን ብለውኝ ነበር። ኦብሴ እንመለሳለን ካለች የት እሄዳለሁ አልኳቸው። አይደል እንዴ? እስቲ ንገሪያቸው።»

ኦብሴ ዞር ብላ ወደ ላይ አየች። አብዱልሃኪም መስኮቱ ላይ ቆሟል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አላደረገም፤ አላስፈለገውም።

አፏን ስትከፍት፣ ከኋላ ከአንዲት ልጅ ስልክ፣ ከትናንቱ ቪዲዮ፣ የራሷ ድምፅ በኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ ቀደማት፦ «አካም ቡልተኒ እህቶቼ! አትጨነቁ፣ እንመለሳለን። እኔ አለሁላችሁ!»

«ዝም በሉ፣ ኦብሴ እየተናገረች ነው» አለች አንዷ፣ አንገቷን ወደ ስልኩ አስግጋ።

ሁሉም ወደ ስልኩ ዞሩ። ከፊታቸው የቆመችውን ያያት ኤቢሴ ብቻ ነበረች።

«ኤቢሴ» አለች ኦብሴ። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። «ሞጆ መልሰሽ ደውዪ።»

ኤቢሴ ፊት ላይ ሳቁ ትንሽ ቆየ፤ ነገሩ ገና ያልደረሰው ይመስል። ከዚያ የኦብሴን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

ቪዲዮው አለቀና ከመጀመሪያው ጀመረ። «አካም ቡልተኒ እህቶቼ!» አለች ያቺኛዋ ኦብሴ፣ እየሳቀች።