የአይሪስ መድኃኒት

አማቴ እማማ ኦዴሳ ለምስክርነት ሲነሱ ሆዴ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ልጆች ባንዴ ተራገጡ። እኔም ተነስቼ ልወጣ ፈልጌ ነበር። ግን በዚያ ሆድ ከመቀመጫ ለመነሳት ራሱ የሰው እጅ ያስፈልጋል፤ ባሌ ኮርትላንድ ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር መድረክ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ተቀምጬ ሰማሁ።

«ጌታ ለልጅ ልጄ ለአይሪስ ደም ልኮላታል» አሉ እማማ ኦዴሳ፣ ሐምራዊ ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው። «ያውም በአንድ መልእክተኛ ሳይሆን በሁለት። መንትዮቹ ሲወለዱ የእትብታቸው ደም ይወሰዳል፣ ደም ባንክ ይቀመጣል፣ ልጄም በሱ ትድናለች። ኧረ ድናለች ብያለሁ። አልቋል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ኦርጋኑም ከበሮውም ተከተለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ገና ያልመጣን በረከት እንደመጣ አድርጎ መመስከር እምነት ይባላል። «ምናልባት» ያለ ሰው ጥርጣሬ ይዞታል ተብሎ መሃል ይቆምና ይጸለይለታል። እኔ ደግሞ ያን ቀን መሃል ልቆም አልፈለግኩም። እጄን ወደ ላይ አነሳሁና «አሜን» አልኩ።

አይሪስ ሰው ተቀብለው ከሚያስቀምጡት ትንንሽ አስተናጋጆች ጋር ነጭ ጓንቷን አጥልቃ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ አለባት፤ የደሟ ሕዋሳት እንደ ማጭድ እየተቆለመሙ የደም ሥሯን ይዘጉታል፣ ያኔ አጥንት የሚበላ ሕመም ይነሳባታል። ሲነሳባት በሜምፊስ የሐምሌ ሙቀት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስታቃስት ነው የምንውለው። ያን ቀን ግን አያቷ ስሟን ሲጠሩ ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዩ። በጓንቷ ለሰው ሁሉ እጇን ታውለበልባለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አጠገቤ ያሉት የምጸልይ መሰላቸው።

ሐሙስ ዕለት የማህፀን ሐኪሜ ዶክተር ሃልቮርሰን የነገረችኝን እስከዚያ ሰዓት ለማንም አልተነፈስኩም። ለባሌም ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ እንደተወለደ እትብቱ ቶሎ ከተቆረጠ፣ እትብቱና የእንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው፣ ለታመመ ሰው ጤነኛ ደም ሊያመርት የሚችለው ደም ተቀድቶ ሊቀመጥ ይችላል። ጥቂት ከተጠበቀ ግን ደሙ ወደ ልጁ ይገባል። «ወራቸውን ጨርሰው ከመጡ ችግር የለም፤ ትንሽ እንጠብቅና የተረፈውን እንወስዳለን» አለችኝ ዶክተሯ። «መንታ ግን መቸኮል ይወዳል። ያለ ቀናቸው ከመጡ ያ ደም ለራሳቸው ያስፈልጋቸዋል። ከአይሪስ ጋር የሚገጥመው የአንዱ ይሁን፣ የሁለቱም ይሁን፣ ወይ የማናቸውም አይሁን፣ ደሙ ተወስዶ ሳይመረመር አናውቅም። ስለዚህ ካሁኑ አስቢበት፤ ያን ሰዓት ለማሰብ ፋታ አይኖርሽም።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳት።

«ሕክምናው የሚመክረው ለሚወለደው ልጅ እንዲተው ነው። እኔ ግን አይሪስ የለችኝም» አለችና ወረቀቷን ሰበሰበች።

ከአምልኮው በኋላ ምድር ቤት ወረድን፤ እሑድ እሑድ የተጠበሰ ዓሣ በስፓጌቲ እንበላለን። ለካ ሴቶቹ ሳይነግሩኝ የመንትዮቹን ስጦታ አዘጋጅተው ኖሯል። ፊኛው፣ ኬኩ፣ የዳይፐር ቁልሉ ሁሉም ተደርድሯል። ወጥ ቤቱን የምታዘው እህት ቬልማ፣ ምላሷ የማያርፍላት ሴት፣ ገና ደረጃው ላይ ስታየኝ «እሰይ፣ ባለ ፋርማሲዋ መጣች» አለች።

አንድ ሣጥን ከፈትኩ። ሁለት የጨቅላ ሸሚዞች፣ ነጭ፣ መዳፍ የሚያህሉ። ደረታቸው ላይ በቀይ ክር ተጠልፏል፦ «የአይሪስ መድኃኒት»። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት።

«ስም አወጣሽላቸው ወይስ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው የሚጠሩት?» አለች ቬልማ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን እሳት ሆነ። እውነቷን ነበርና። አይሪስን ሳረግዝ ገና ሦስት ወር ሳይሞላኝ ስም አውጥቼ፣ ግድግዳ ቀብቼ፣ ዘፈን ሁሉ ገጥሜላት ነበር። እነዚህ ግን ሆዴን እየረገጡ ስም እንኳ የላቸውም። አልትራሳውንድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው እትብታቸው ደህና እንደሆነ ነው። ልባቸውን የምጠይቀው ሁለተኛ ነው።

«አፍሽን ሰብስቢ አንቺ» አሏት እማማ ኦዴሳ። «ልጄን አታሳቂባት።» ይህን ብለው ሸሚዞቹን ከፍ አድርገው ለሰው ሁሉ አሳዩ።

አይሪስ ዓሣዋን ሳትጨርስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች «ወንድሜና እህቴ ሊያድኑኝ ነው» ትላለች። ሰው ያቅፋታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አይሪስ ከአያቷ ጋር ቀርታ ስለነበር መኪናው ውስጥ ለኮርትላንድ ነገርኩት። መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ።

«ሐሙስ የሰማሽውን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«መቼ ልንገርህ? እናትህ ማይክ እንደያዙ?»

«እናቴን ተያት። ምን ልናደርግ ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ሬኔታ፣ አይሪስ አጠገባችን ናት፤ እናውቃታለን። ሕመሙን እናውቀዋለን። እነሱ ደህና ሆነው ይመጡ ይሆናል፣ አንቺ ግን ካሁኑ ታመሙ እያልሽ ነው።»

«ያለ ቀናቸው ከመጡስ?»

«ባለፈው ክረምት ‹እማዬ፣ እግሬን ቁረጪልኝ› ስትልሽ የት ነበርሽ?»

«አጠገቧ ነዋ፣ የት እሆናለሁ።»

«እንግዲያውስ» አለ። «ይወሰድ» አልኩ። ሲቀለኝ ደግሞ ታወቀኝ፤ በመቅለሉ ራሱ አፈርኩ። ባንኩ የታመመ ልጅ ላለው ቤተሰብ በነጻ ስለሚያስቀምጥ በገንዘብ እንኳ ላመካኝ አልቻልኩም። ደሙ የሚቀዳበት ዕቃ በሣጥን መጣልን፤ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥነው። አይሪስ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ «ቻው መድኃኒቴ» ትለዋለች።

መንትዮቹ እንደተፈራውም ቸኮሉ። አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ገና ብዙ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ምጡ ያዘኝ። ኮርትላንድ አውቶቡስ ከሚጠግንበት ጋራዥ ግራሶ እንደተቀባ ደረሰ። እማማ ኦዴሳ ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ፤ መዝሙራቸው እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወንዱ ቀደመ። ዶክተሯ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሥጋ የሚባል የለውም፤ ቆዳው ያሳሳል፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን የድመት ግልገል ድምፅ ነው። እትብቱ ገና ይመታል።

«ሬኔታ፣ እንደተነጋገርነው ቶሎ ልቁረጠው?» አለችኝ። «አንዴ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ስለ አይሪስ አሰብኩ። ውሸት አይሁንብኝ፣ እሷን ነው ያሰብኩት። ያቺን አፍ ግን እያየሁ ቁረጡ ማለት አቃተኝ።

«ይተዉለት» አልኩ።

«ሬኔታ» አለ ኮርትላንድ።

«ይተዉለት አልኩ።»

ሴቷ ስትመጣም እንደዚያው አልኩ። ኮርትላንድ እጄን ለቀቀ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም፤ ብቻ እጄን ለቀቀና ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ።

ከእትብቶቹ የተረፈችውን ጥቂት ደም ቀድተው ላኩ። በማግስቱ ዶክተሯ መጥታ አይበቃም ተባለ አለችኝ። ሲያድጉ መቅኒያቸው ከአይሪስ ጋር ይገጥም እንደሆነ ሊመረመር ይችላል፣ በሩ አልተዘጋም፣ ግን ተስፋውን ዛሬ አልሰጥሽም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሰው ደሙ አነሰ ማለት ይበቃል። ውሸት አይደለም፤ መንታ ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል» አለችኝ።

እኔም ያንኑ አልኩ። እማማ ኦዴሳም «ጌታ ሌላ መንገድ አለው» አሉ። እሑድ ይህንኑ ቆመው መሰከሩ። ቬልማ ደውላ ነገረችኝ። ዓሣ እየጠበሰች ነበር መሰለኝ፣ ዘይቱ ይሰማኛል። «ሬኔታ፣ ያን የሸሚዞቹን ክር እፈታዋለሁ። ስማቸውን ብቻ ንገሪኝ» አለች። ኤሞሪና ኦፓል አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮርትላንድና እናቱ አይሪስን ሆስፒታል አመጧት። ነርሷ ጓንቷን አስወልቃ እጇን አስታጠበቻትና ወደ ማሞቂያው ክፍል አስገባቻት። መንትዮቹ በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ ቱቦ በቱቦ ሆነው ተኝተዋል። አይሪስ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች።

«ነይ እያቸው» አላት አባቷ።

«አላይም። ስስታሞች ናቸው።»

ነርሷ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም።

«ሁለት ናቸው አይደል?» አለች አይሪስ። «ትንሽ ትንሽ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት? እምቢ አሉኝ።»

ኮርትላንድ አየኝ። አላጋለጠኝም፣ አላገዘኝም። «ደሙ አነሰ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አንዴ ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ግን እነዚህ ሁለቱ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእኔ ጥፋት ቂም ሊያዝባቸው ነው። ይህቺም ልጅ ሕመሟ በተነሳ ቁጥር ወንድሟና እህቷ እንደነፈጓት እያሰበች ልታድግ ነው።

«እነሱ አይደሉም» አልኩ። «ዶክተሯ ጠየቀችኝ። ለእነሱ ይተዉላቸው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አይሪስ ጓንቷን በእጇ ጨብጣ ቆየች።

«እኔ ስወለድስ ለእኔ ተውሽልኝ?»

«ያኔ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቆርጠው የጣሉት ይመስለኛል።»

«ቢጠይቁሽስ?»

«ለአንቺ እንዲተዉልሽ ነበር የምለው።»

«እሺ» አለች። ደስ አላላትም፤ እሺ ብቻ አለች። ከዚያ ዞር ብላ መንትዮቹን አየቻቸው። ኦፓል እግሯን አወራጨች። አይሪስ አልሳቀችም፣ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ከበሩ ውጭ እማማ ኦዴሳ ለአንዲት ነርስ ጌታ ስላለው ሌላ መንገድ ያስረዳሉ። አይሪስ ድምፃቸውን ሰምታ ወደ እኔ ቀረበችና ጆሮዬ ሥር ገባች።

«ለአያቴ አልነግርብሽም» አለችኝ። «ደሙ አነሰ እንላለን።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያፈርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ምኑንም አላፈርኩም። ደሙ የቀረባት ልጅ፣ ነገ ሕመሙ የሚነሳባት ልጅ፣ እኔን ልትሸፍነኝ ተነስታለች፤ ጓንቷንም ኪሷ ውስጥ እየከተተች ነው።

«ኮርትላንድ፣ እናትህን ጥራልኝ» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን።»

ጠራቸው። ሲመለስ ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እማማ ኦዴሳ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ገቡ፣ ፊቴን አይተውም ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። አይሪስ እንደለመደችው፣ ሰው ሲገባ እንደምታደርገው፣ ወንበር ስባ አቀረበችላቸው።

«ይቀመጡ፣ እማማ ኦዴሳ» አልኳቸው። «ስለ ደሙ የምመሰክረው አለኝ።»