በቀን የሚበራው አምፖል

ኡሙሀኒን ያስያዛት አምፖሏ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ጥላ ጥላውን በሚሄድበት ሰዓት፣ በሯ አናት ላይ ቦግ ብሎ ይበራል! የመብራት ሠራተኛው ሙሉጌታ በባጃጅ ሲያልፍ አየውና አስቁሞ ወረደ። መቼም በቀን መብራት ያላጠፋ ሰው ረስቶ ነው ይባላል። ኡሙሀኒ ግን አልረሳችም።

"እማማ፣ ቆጣሪዎ የታለ?"

"ከጎረቤቴ ከአራጋው ቤት ነው የተሳበው" አለችና አጥሩን በአገጯ አሳየችው።

ሙሉጌታ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ሽቦው ከአራጋው ቆጣሪ ይነሳል፣ በውኃ ጎማ ውስጥ ያልፋል፣ አጥሩ ሥር ተቀብሮ ይመጣና በግድግዳው ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱ ውስጥ ይገባል። ፈቃድ የለ፣ ውል የለ።

"ይሄ ቤት እስከዛሬ አለመቃጠሉ! እማማ፣ አይስጉ፣ ሁሉም ተነቅሎ በፈቃድ እንደ አዲስ ይዘረጋል፣ የራስዎ ቆጣሪም ይገባል።" ከቦርሳው ፎርም አወጣ። "ማን ነው የዘረጋው?"

ልቧ ድንግጥ አለ። የዘረጋውማ ሙንተሲር ነዋ! አንድ ልጇ! ግን እናት ልጇን ለወረቀት አሳልፋ ትሰጣለች? ከስንት ዓመቱ ሲመጣ ገና ከመኪና ሳይወርድ ቢይዙትስ?

"መንገደኛ ነው። አላውቀውም" አለች።

ሙሉጌታ "ያልታወቀ" እያለ ጻፈና ሄደ። እሷ ደጃፏ ላይ እንደቆመች ቀረች። የወለደችውን አላውቀውም ብላ!

ሙንተሲር ለውጥ መጣ፣ ሥራ ይመጣል ሲባል ሁለት ዓመት ጠበቀ። ሥራው ሳይመጣ እሱ ሄደ። ሊሄድ ሲል ነው ቤቱን ሙሉ ሽቦ የዘረጋላት። ማንም አላስተማረው፤ የሰው ሬዲዮ እየፈታ በራሱ የለመደ ነው። መጨረሻ ላይ የበሩን አምፖል ሰቀለና "እማ፣ የምመጣበት ሰዓት አይታወቅም፣ ይቺን እንዳታጠፊ" አላት። ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ከልጇ አፍ የወጣ ነገር ቀልድ አይመስላትም። ከዚያ ከጅቡቲ ወደብ፣ ከኦቦክ ደወለ። "ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ" አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት፣ ድምፁ የለም።

ጦርነቱ እዚህ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ሰው ጨርቄን ማቄን ሳይል ሸሸ፤ አራጋውም ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ኡሙሀኒ ንቅንቅ አላለችም። ልጇ መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ? ከተማው ለሳምንታት ጨለማ ሆነ። መብራት የተመለሰ ቀን አምፖሉ በራሱ ጊዜ ቦግ ሲል እልል አለች። ብቻዋን። እልልታ የሚቀበል ሰው ሲያጣ እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ቀን አወቀች።

ልጄ ጠፋ ብላ ያላንኳኳችው ቢሮ የለም። አንዱማ "ስንቱ ጠፍቶ እናቴ! የቱን እንፈልግ?" ብሏታል። ስለዚህ ለራሷ መጽናኛ አበጀች። ደልቶት ነው፣ ረስቶኝ ነው አለች። ይርሳኝ፣ ብቻ ይኑር።

ከሳምንት በኋላ ሙሉጌታ መሰላል ይዞ መጣ። መስመሩን አቋረጠና ኮርኒሱን ከፍቶ አሮጌውን ሽቦ እየሳበ መጣል ጀመረ። እሷ ከሥር ቆማ የወደቀውን እያነሳች ትጠቀልላለች። ምን ሊሠራላት? እንዲሁ ነው፤ ልጇ የነካው ነገር መሬት ላይ ሲጎተት ማየት አልቻለችም።

"እማማ፣ ይሄስ ምንድን ነው?" አለ ሙሉጌታ ከላይ። "ያልተነካ ጥቅል ሽቦ ነው። በፕላስተር ታስሮ በጓሮው በኩል ተቀምጧል። ከጀርባ ክፍል አለ እንዴ?"

ክፍል የለም። ጓሮው የጎመን መደብ ነው። ሙንተሲር ግን "ስመለስ እዚህ ጋ ክፍል እቀጥላለሁ፣ ሚስት አግብቼ አጠገብሽ እኖራለሁ" ይል ነበር። ላልተሠራ ክፍል መብራቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል! እሷ እስከዛሬ አታውቅም።

"ፈቃድ የለውም እንጂ እጁስ የባለሙያ ነው" አለ ሙሉጌታ፣ ጥቅሉን እያቀበላት።

ኡሙሀኒ ጥቅሉን ታቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለ ልጅ እናቱን አይረሳም። ካልረሳት ታዲያ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው? ያ ረቢ! ያ ሁሉ መጽናኛዋ ብን ብሎ ጠፋ።

"ያን ወረቀት ይዘኸዋል?"

"የቱን?"

"ያልታወቀ ያልክበትን። ሰርዝና ጻፍ። ሙንተሲር ኑርዬ። የሠራው ልጄ ነው።"

ሙሉጌታ ከመሰላሉ ወረደ። "ይተዉት እማማ። ስሙን ከጻፍኩት እኮ ይጠየቅበታል፣ ይፈለጋል።"

"ወላሂ ይፈለግ!" አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። "እናቱ ነኝ፣ ፈልጉልኝ ብዬ ብለምን ጆሮ የሰጠኝ የለም። እስቲ ጥፋተኛ ነው ብላችሁ ፈልጉት። ያዙት። እሰሩት። ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ።"

ሙሉጌታ መሰላሉ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያልታወቀ የሚለውን ሰረዘና ስሙን ጻፈ። አድራሻ የሚለው ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት።

"እዚሁ ነው" አለች። "ከእናቱ ጋ።"