ሁለተኛው ጥያቄ

...እና አብዱልሃዲ የውሃ ተራውን ለቀቀልኝ፣ ለምን፣ እኔ የቦዩ የውሃ አባት ነኝ፣ ተራ የማድል፣ ማን የማንን ተራ እንደሚሰርቅ ከዓይኑ ነው የማውቀው፣ ለገዛ ወንድሙ አንዲት ጠብታ የማይለቅ ሰው፣ ጋሼ ደምመላሽ ሽንኩርትዎን ያጠጡ፣ እኔ እቆያለሁ ይለኛል፣ ያውም መሬት መሬት እያየ። አልወደድኩትም። ያኔውኑ አልወደድኩትም።

ቀስ። ትንፋሽ ቀስ። ግራ ጎኔን ይወጋኛል፣ ትናንት ማሾ ስናስጭን ነው የጀመረኝ፣ እግሬማ ካበጠ ሰነበተ፣ ልጄ ሰናይት ናት በባጃጅ ሆስፒታል ያመጣችኝ፣ ዶክተሩ እግሬን በመሣሪያ አይቶ ደም ረግቷል፣ ከዚያ ተነስቶ ሳንባዎ ገብቷል አለኝ፣ እዮኤል ነው ስሙ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ለጋ ልጅ፣ የሮቢት ሙቀት ፊቱን ቀቅሎታል።

አሁን ይጠይቀኛል፣ የሚቀጥሉትን ሳምንታት አደጋ የምንገምትበት ነው፣ ለእያንዳንዱ አዎ አንድ ነጥብ፣ ዜሮ ከመጣ መድኃኒት ይዘው ዛሬውኑ ቤትዎ፣ አንድም ካለ ግን አይለቀቁም፣ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን። ሰማንያ አልፈዋል? ኧረ ወዲያ። ካንሰር ኖሮብዎት ያውቃል? የለም። የቆየ የልብ፣ የሳንባ ሕመም? የለም። ምቱ ደህና፣ ግፊቱ ደህና፣ ጣቴን የቆነጠጠችው ነገርም ኦክስጅኑ ደህና ነው አለች። ይሄ የሆድዎ ጠባሳስ? አንጀቴ ተጠላልፎ፣ አምና ክረምት አዲስ አበባ ቀደው ፈቱልኝ፣ እላለሁ፣ ሰናይትን አያለሁ፣ ሰናይት ማራገቢያውን ታያለች።

ማራገቢያ ምን የሚታይ ነገር አለው።

ዜሮ፣ ይላል ዶክተሩ፣ ደስ ብሎት። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ግን የልጄ ከንፈር ለምን ነጣ፣ አባቷ ቤት ግባ ሲባል ፈገግ ማለት አልነበረባትም? ደግሞ ያ አንጀት፣ የተጠላለፈ አንጀት ከተፈታ ተፈታ ነው፣ ጎረቤቴ ደረጄም ተጠላልፎበት ነበር፣ ወዲያው ድኖ እርሻ ወጣ፣ እኔን ግን አዲስ አበባ እያመላለሰች የምታስሰካኝ ጉሉኮስ ምንድን ነው፣ ማጠንከሪያ ነው አባዬ፣ ጠጉር የሚያረግፍ ማጠንከሪያ? ሙቀቱ ነው አባዬ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ሙቀት ዘንድሮ ነው ጠጉሬን ያየው። የሕክምና ወረቀቴም ዛሬ ቤት ተረሳ ተባልኩ። አብዱልሃዲም ያውቃል ማለት ነው፣ ቦዩ ሁሉ ያውቃል፣ የውሃ አባት ተብዬው ብቻ ነኝ ያልሰማሁ፣ ጅላጅል።

ወይ ደግሞ ምንም የለም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንተ ጥላህንም ትጠረጥራለህ ትለኝ ነበር።

ዶክተር፣ አንዴ ውጭ ላናግርህ፣ ትላለች ሰናይት። እዚሁ ንገሪኝ፣ ሌላ ታካሚ እየጠበቀኝ ነው። አይ፣ ውጭ ይሻላል። ታየኛለች፣ ይህን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ አካፋ ይዞ ቦይ ላይ የተያዘ ሰው አስተያየት ነው፣ ይቺ ግን ለራሷ አልሰረቀችም፣ አባቴ እንዳይፈራ ብላ ብቻዋን ስትፈራ ከረመች፣ እናደዳለሁ፣ ልጮህባት እፈልጋለሁ፣ ትንፋሹ የለኝም፣ ደግሞ ታሳዝነኛለች፣ ከንዴቴ ይልቅ ታሳዝነኛለች። ዝም ብል ቤቴ እገባለሁ፣ ሽንኩርቱም ውሃ ይፈልጋል። ዝም ብል ወይ ፊቴ ቆማ ልትናገረው ነው፣ ወይ መናገር አቅቷት ይዛኝ ልትሄድና ቤት ውስጥ እጇ ላይ ልሞትባት ነው፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ትኖራለች።

ዶክተር፣ ልጄ፣ ቅድም ሁለተኛ የጠየቅከኝን አዎ በለው። አንድ አድርጋት።

አልኩት። እርግጠኛ መስዬ፣ ሌባ ሳወጣጣ እንደማደርገው፣ ምንም ሳላይ አይቻለሁ እንደምለው፣ ግማሽ ልቤ ግን አሁን ትስቅብኛለች ብሎ ይጠብቃል፣ አባዬ ደሞ ጀመረህ፣ ካንሰር ምናምን ከየት አመጣኸው ትለኛለች ብሎ፣ በይኝ እያለ፣ ዶክተሩ መጻፉን አቁሟል፣ ሰናይት አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ያበጠ እግሬን በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣

ማን ነገረህ፣ ትለኛለች።