ጥያቄ ነበር

በሕፃናት ማዋያው ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ዶክተር» ይሏታል። በሽተኛ መርምራ አታውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ስለ መገናኛ ብዙኃን ነው፤ የዶክትሬት ትምህርቷንም ገና መጀመሯ ነው። ስሙን ያወጣላት ከወላጆቹ አንዱ፣ ባለታክሲው፣ «ከአሁኑ ልጥራሽ፣ ስትመረቂ እንዳትኮሪብን» ብሎ ቀልዶ ነበር። ዓይን አፋር ስለሆነች ሳቅ ብላ አለፈችው፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ።

ራሷ ልጅ የላትም። ግሩፑ ውስጥ ያስገባቻት እህቷ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የእህቷን ልጅ ወደ እማማ እሹሩሩ ቤት የምታደርሰው፣ ማታም የምታመጣው እሷ ስለሆነች። እማማ እሹሩሩ በቤቷ የሰፈሩን ልጆች እያዋለች የምትተዳደር ሴት ናት። አልቃሻውን ሁሉ ጀርባዋ ላይ አዝላ በአንድ ዜማ ታስተኛዋለችና፣ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት በሩ ላይ የልጅቷን ሹራብ ስታወልቅላት ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አየች። እማማ እሹሩሩ ሌላ ሕፃን ታቅፋ አጠገቧ ቆማለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። የምትከሳት እንዳይመስልባት ፈራች። ደግሞ ክፍለ ጊዜዋ ደርሷል። ታክሲ ውስጥ ሆና ግሩፑ ላይ ጻፈች፦

«እማማ እሹሩሩ ቤት ኩፍኝ ገብቷል»

በአፏ ብትለው ኖሮ የመጨረሻዋን ቃል ከፍ ታደርጋትና መጠየቋን ሁሉም ያውቅ ነበር። በጽሑፍ ግን የጥያቄ ምልክቷን ዘነጋቻት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ክፍል ገባች።

«መልእክት ጥይት አይደለም፤ ተተኩሶ ሰው አይጥልም» አለች ለተማሪዎቿ። «ሰው ከሬዲዮው ይልቅ የሚያምነውን ጎረቤቱን ይሰማል። ደግሞ ሁላችንም ወሬ የሚያታልለው ሌላውን ሰው ይመስለናል።»

«እኛን እንኳ አያታልለንም፣ መምህር» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ስትወጣ ስልኳን ከፈተችው። የጻፈችው ነገር አድጎ ጠበቃት። «ዶክተሯ አረጋግጣለች፤ ኩፍኝ ገብቷል፤ ልጆቻችሁን ቶሎ አውጡ» ይላል። ባንክ የምትሠራው እናት ለባልደረቦቿ ልካው፣ ከማታውቃቸው ሰዎች እጅ ዞሮ ተመልሶ መጥቷል። እዚያው ቆማ ጻፈች፦ «ጥያቄ ነበር። ምልክቱን ረስቼ ነው። የሕክምና ዶክተርም አይደለሁም።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ሴትዮዋ እንዳትጎዳ ብለሽ ነው፤ ገብቶናል» አለቻት የባንኳ እናት።

«ዶክተርን ትሕትና ገደላት» አለ ባለታክሲው።

እርማቷን ለሌላ ያስተላለፈ ሰው አልነበረም።

እማማ እሹሩሩ ቤት ስትደርስ ቤቱ ጭር ብሏል። ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀምጣ ያልተበላ የልጆች ምሳ ከየሳህኑ ወደ አንድ ድስት ትመልሳለች።

«ልጃችሁን እናቷ ወስዳታለች» አለቻት። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ። አንዲት ዶክተር ናት አሉ እንዲህ ያደረገችኝ። መጥታ ቤቴን ብታየው ምናለበት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ አፈላልገሽ አናግሪልኝ።»

እሺ ብሎ መውጣት ይቻል ነበር። ሐሳቡ መጣባት፤ በመምጣቱም አፈረች።

«ዶክተሯ እኔ ነኝ፣ እማማ። የልጅቷ ክንድ ላይ ነጠብጣብ አይቼ… ልጠይቅ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

እማማ እሹሩሩ ማንኪያውን አስቀመጠች። ቁጣ አልነበራትም፤ ግራ የተጋባች ነው የምትመስለው።

«ጠዋት እዚህ በሩ ላይ አብረን ቆመን አልነበረም?»

«ነበርን።»

«ታዲያ እኔ አጠገብሽ ቆሜ ስልክሽን ጠየቅሽው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ አፍ ግን አላመለጠም፤ ጠዋት በሩ ላይ ዝም ብሎ ነበር።

እህቷ ልጅቷን ክሊኒክ ወስዳት ነበር። «ትንኝ ነክሷት ነው አሉኝ» አለቻት ማታ፣ ልብስ እያጠፈች።

«እሰይ። ነገ ትመለሳለቻ።»

«የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ቀርቶ የኔ ብቻ? እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም እያሉ እኮ ነው።»

«እሳቱ እኔ ነኝ። ሌላ እሳት የለም።»

እህቷ ቀና ብላ ፊቷን አየችው። «በይ እሺ፣ አታልቅሺብኝ። አንቺው አድርሻት።»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷን ሰው ሁሉ ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ በዋናው መንገድ እጇን ይዛ ወሰደቻት። እንዲያዩዋት ፈልጋለች፤ ሲያዩዋት ደግሞ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ትመርጥ ነበር። እማማ እሹሩሩ በሩን ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ ልጅቷን ሳመች፤ ክንዷን አገላብጣ አየች።

«ማታ እናቷ ትምጣና ትውሰዳት» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እሺ፣ እማማ።»

ዞር ስትል የባለታክሲው መኪና መንገዱ ዳር ቆሟል። ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ መስታወቱን እየላሰ ነው። ባለታክሲው አንገቱን አወጣ።

«ዶክተር፣ ምን ትይኛለሽ? ላስገባው?»

አስገባው የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ቢያንስ አንድ ልጅ ትመልስላት ነበር።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «የቤቱ ባለቤት ያቻትና፣ እሷን ጠይቃት።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ልጁን ታቅፎ ወደ በሩ ሄደ። እማማ እሹሩሩ ምን እንዳለችው አልሰማችም። እዚያ ቆማ የመስማት መብት ያላት አልመሰላትምና እርምጃዋን አፈጠነች።