ስም የማያወጣው መስመር

ወንዳፍራሽን የሰደበው ኡዘይር ነው፤ የመጋዘኑ ባለቤት የሐጂ ኡበይድ ልጅ። ቀኑም ሐምሌ አሥራ ሁለት 2008፣ ማክሰኞ፣ ቡራዩ መጋዘኑ ውስጥ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ትጊና ጫኝ አውራጆቹ በሙሉ እየሰሙ።

«ወንዴ፣ ይሄን ኮድ በእጅህ ነው የጻፍከው በእግርህ?» አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምሮ የመጣ ነው። «የለማኝ ኮት እኮ ነው። እራፊው ከልብሱ በለጠ።»

ትጊ ሳቀች። ከስድቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው የእሷ ሳቅ ነው።

አሥረኛ ክፍል ጨርሶ አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ብቻ የወሰደ ሰው የመጋዘኑን ፕሮግራም ብቻውን ጽፎ አቁሟል። እራፊውንስ ያበዛው ማን ሆነና? ሐጂ ችግር በመጣ ቁጥር «ለዛሬ ብቻ እንደምንም አድርገው» ይላሉ። «አንድ ሳምንት ይስጡኝና ከሥሩ ልሥራው» ሲላቸው ደግሞ «ይሠራል አይደል? ምን ያነካካሃል?»

ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ የተነሣው ረብሻ አገርሽቶ መንገድ ሲዘጋ መጋዘኑም ተዘጋ። ለካ ያን ሳምንት የሚሰጠው ረብሻ ኖሯል። ወንዳፍራሽ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይጽፍ ጀመር። የድሮውን እራፊ እየጠረገ ሲሄድ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ የአንድ ደንበኛ ስም በዕቃ መውጫው ወረቀት ላይ እንዳይታተም የሚያደርግ። ደንበኛው ሆለታ ያለ የአበባ እርሻ ነው። መስመሩን ባለፈው ኅዳር በጥድፊያ የጻፈው ራሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስታወሻ አላኖረበትም፣ ትዝም አላለው። ሐጂ ዘንድ ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ኡዘይር አጠገባቸው ነው። የገዛ ኮዱን አያውቀውም ሊባል? አጠፋው።

አዲሱ ፕሮግራም ለአዲስ ዓመት ሥራ ጀመረ። ኡዘይር አገላብጦ አየና «እሺ፣ አሁን ኮድ መሰለ» አለ። ወንዳፍራሽ ምስጋና ብሎ አልቆጠረውም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሾፌሩ ተድላ ለእርሻው ላስቲክና ቱቦ ጭኖ ወጣ። በማግስቱ በሰው ሞተር ተመለሰ፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ። አይሱዙው ሆለታ ሳይደርስ ነዷል።

«መንገድ የዘጉት ልጆች አስቁመው ‹ወረቃ ፊዲ› አሉኝ፤ ወረቀት አምጣ። ሰጠኋቸዋ» አለ። «ስም የሌለበት መስሎኝ። ኅዳር ላይ ሐጂ ‹መሬቱ ከገበሬ የተነጠቀ ነው ይላሉ፤ የእርሻው ስም መንገድ ላይ ያስበላችኋል› ብለው አስጠፍተውት አልነበር? ስንቴ በዚያ አልፌያለሁ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ኡዘይር ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ «ፕሮግራሙ ስህተት የለበትም» አለ። «እንዲያውም በትክክል ነው ያወጣው።»

ተድላ ወደ ወንዳፍራሽ ዞረ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ወንዴ፣ ወንድሜ፣ ስሙን ማን መለሰው?»

ወንዳፍራሽ የሚለው ሞልቶታል። ጊዜ ማን እንደከለከለው፣ ማን በሰው ፊት እንዳዋረደው፣ ሁሉም አፉ ድረስ መጥቶ ቆመ። የተጠቀለለውን እጅ አየ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣና በመካከላቸው አልፎ ወደ አስፋልቱ ወጣ።