ላላ

«ልጁን ስጪኝ፣ ኤውላሊያ። አንድ ጊዜ ሆዱን ልሽለት» አለቻት የወንድሟ ሚስት ኖኤሚ።

«ተዪው፣ አሁን ይተኛል» አለች ኤውላሊያ።

የአምስት ሳምንቱ ኤልያስ ግን የሚተኛ አይመስልም። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ፊቱ እስኪቀላ ይጮኻል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከፋርማሲ የገዛችውን ጠብታ ሰጥታዋለች፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ አድርጋለች፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አሽከርክራለች፤ ንፋሱ ግን ወይ ፍንክች።

የሟች እናቷ የኤርሊንዳ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ከተጀመረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የሸለቆው ሴቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በተዋሱት ታጣፊ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቡናው በወረቀት ኩባያ ይዞራል፣ የበቆሎና የሥጋ ሾርባው፣ ፖሶሌው፣ በትልቁ ድስት ይንተከተካል። ድስቱን ስታማስል የቆየችው ኖኤሚ ናት፤ ያውም የሟቿን ሽርጥ ታጥቃ። ኤውላሊያን ያንገበገባት ይሄ ነው። ማን ልበሽው አላት?

«ምስኪን፣ ኤርሊንዳ ብትኖር እኮ ወዲያው ዝም ታሰኘው ነበር» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ኖኤሚስ ምን ጎደላት? እጇ ቁርጥ የኤርሊንዳ እጅ ነው» አለች ሌላዋ።

ኤውላሊያ ሰማች። ልጁን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

በዚህ የኒው ሜክሲኮ ሸለቆ ሆዱን ንፋስ የያዘው ሕፃን ሁሉ የሚመጣው እዚህ ቤት ነበር። ኤርሊንዳ የወይራ ዘይት በመዳፏ አሙቃ፣ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አጋድማ ታሸዋለች። ኤውላሊያ በአሥራ አራት ዓመቷ «እኔንም አስተምሪኝ» ብላት ነበር። እናቷ ጣቶቿን ጨበጥ አድርጋ «እጅሽ በረዶ ነው፤ ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ሠራች። ደንቨር ሄዳ የጥርስ ሐኪም ሆነች። ኖኤሚ በሙሽርነት ስትመጣ ግን ዓመት ሳይሞላት ማሸቱን ተማረች። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ኤውላሊያ አንዱንም ዓመት አልረሳችም።

ኤልያስ ሲወለድ እናቷ «አምጪልኝ» ብትላት «ትንሽ ይጠንክር» አለች። ውሸቷን ነው። ኖኤሚ ልጇን እንድትነካባት ስላልፈለገች ነው። ልጁ ሳይጠነክር የኤርሊንዳ ልብ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ጸሎቱ ሲጀመር ኤልያስ ከጸሎተኞቹ በላይ ጮኸ። የእናቷ ታላቅ እህት ሮሳውራ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ትዕግሥቷ ግን ገና ዱሮ አልቋል።

«ኧረ በእናትሽ ስጫት! ልጁ ነው ወይስ ኩራትሽ ነው የሚታሸው?»

ሰጠቻት።

ኖኤሚ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ከእምብርቱ በስተቀኝ ጀመረች፤ ወደ ላይ፣ ተሻግራ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች። በየዙሩ በለሆሳስ «ላላ… ላላ…» ትላለች።

ለካ ቃልም አለው! ኤውላሊያ መታገሥ አቃታት።

«ምስጢሩንም ላንቺ ነው የሰጠችሽ?»

«የምን ምስጢር?»

«ላላ የምትዪውን!»

ኖኤሚ ደነገጠች። «እሳቸው ይሉ ስለነበር ነው የምለው። ካላልኩት የማይሠራ ይመስለኛል። ሊማሩ ለሚመጡትም እንደዚያው ነው የማሳያቸው።»

ሮሳውራ መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ ጥላ ሳቀች። «የምን ምስጢር! ስም እኮ ነው!»

«የማን ስም?» አለች ኖኤሚ።

«የዚችው ነዋ! አንቺ ኤውላሊያ፣ ስትወለጂ ሦስት ወር ሙሉ በሆድ ቁርጠት ጮኸሻል። እናትሽ ማሸት የተማረችው ባንቺ ሆድ ላይ ነው። ኤውላሊያ ማለቱ ረዝሞባት ላላ፣ ላላዬ ስትል ከረመች። ከዚያ በኋላ የማንም ልጅ ይምጣ፣ አፏ ያንኑ ነው የሚጠራው። የሰው ልጅ በላላ ስም ታባብያለሽ እንዴ ስላት፣ እጄ ያለሷ መንገዱን አያውቅም ትለኝ ነበር።»

የኖኤሚ እጅ ኤልያስ ሆድ ላይ ቆመ።

«ማባበያ መስሎኝ…» አለች ኖኤሚ ቀስ ብላ። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሳሽ፣ ያንቺን ስም ስጠራ ነው የኖርኩት?»

ኤውላሊያ በኖኤሚ ድምፅ ውስጥ ያንኑ የራሷን ቅናት ሰማች። ከማንም በላይ የምታውቀው ነገር ነው። መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እጄ በረዶ ነው» አለች።

«አምጪው።» ኖኤሚ ዘይት አፍስሳ፣ እስኪሞቅ ድረስ በሁለት እጇ አሸችላት። ከዚያ የኤልያስ ሆድ ላይ አሳረፈችውና የራሷን እጅ ከላይ ደረበች። «በይ፣ ጥሪያት።»

«ላላ» አለች ኤውላሊያ። እንባዋ መጣ። «ላላ…»

በሦስተኛው ዙር ኤልያስ ቤት ሙሉ ሰው የሰማውን ፈስ ለቀቀ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ሮሳውራ «ተመስገን!» ብላ ጸሎቱን ካቆመችበት ቀጠለች። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ተኛ። ኖኤሚ እጇን አነሳች።

ኤውላሊያ ግን አላነሳችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ ከቀኝ ወደ ላይ፣ ተሻግራ ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ በእናቷ ድምፅ ራሷን እየጠራች ማሸቷን ቀጠለች።